«የለም» አትበሉ፣ «አልታየም» በሉ

መሪ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምታወቀው «ሲስተር ጥሩነሽ» በሚል ስም ነው። ሲስተር ሆኜ ግን አላውቅም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሕንፃው ሰው ሁሉ መርፌ ውጊልን፣ ግፊት ለኪልን እያለ በሬን ያንኳኳል። የላቦራቶሪ ሰው ነኝ ስላቸው «ያው ነው እኮ» ይሉኛል። በዚያ ሰሞን ደግሞ ከታች ያለችው ጎረቤቴ ደረጃ ላይ አስቁማኝ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ምን ስሠራ እንደኖርኩ ጠየቀችኝ። ኤች አይ ቪ በሰውነት ውስጥ የት የት እንደሚቀመጥ፣ እዚያም ሲኖር ጠባዩ እንዴት እንደሚለወጥ ስናጠና ነበር አልኳት። «እና አገኛችሁት?» አለችኝ። ደረጃ ላይ ተቆሞ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ተቀምጬ ልጻፈው አልኩ።

አስቀድሜ ግን፣ ስለ ታካሚዎች ስናገር ስማቸውን ለውጫለሁ፤ መታወቂያ የሚሆን ነገርም ትቻለሁ። እኔ ጡረታ ብወጣም የሰው ምስጢር ጡረታ አይወጣም።

ሥራ የጀመርኩት ቆላ አገር፣ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ ወባ በመፈለግ ነው። ከጣት ጠብታ ደም ወስዶ መስታወት ላይ መቀባት፣ ማቅለም፣ ከዚያ በማይክሮስኮፕ ጥገኛውን መልቀም። ኃላፊዬ ደግ ግን ችኩል ሰው ነበሩ። ቀለሙ ሳይደርቅ በር ላይ ቆመው «አለ ወይስ የለም?» ይሉኛል። ክረምት ወጥቶ ወባ ሲነሣ ሰልፉ እስከ ግቢው በር ስለሚደርስ አልፈርድባቸውም። እኔም እንደ እሳቸው መልስ ማፍጠን ለመድኩ፤ አለ፣ የለም፣ አለ፣ የለም። ደመወዙን ባላነሣው ይሻላል። እጄ የተፍታታው፣ ዓይኔም የተገራው ግን እዚያ ነውና ያንን ጤና ጣቢያ አመሰግነዋለሁ።

አዲስ አበባ ተዛውሬ የገባሁበት የምርምር ላቦራቶሪ የካ ውስጥ፣ የእንጦጦ ዳገት በሚጀምርበት ሥር ነበር። በኋላው መስኮት ባሕር ዛፉ ይታያል፤ ጠዋት ስንገባ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው በአጥራችን ጥግ ይወርዳሉ። ኃላፊው ዶክተር ገመቹ ይባላሉ። ተወልደው ያደጉት እዚያው የካ ነው፤ ቤተሰባቸው ገበሬ ነበር። ዛሬ የእኔ ኮንዶሚኒየም የቆመበት አካባቢ አባታቸው ጤፍ ይዘሩበት እንደነበር የነገሩኝ፣ ዕጣ ወጥቶልኝ ቤቱን የገባሁ ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ባረፈድኩ ቁጥር «በአባቴ ማሳ ላይ ተኝተሽ እንዴት ትነሺ» ይሉኛል። ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ፤ አንዳንዴ ግን ከሳቁ በኋላ ጤፉ እንዴት ያፈራ እንደነበር ይነግሩኛል።

የመጀመሪያ ቀን አንድ የፕላስቲክ ሳህን ማይክሮስኮፕ ሥር አድርገው ምን እንደሚታየኝ ጠየቁኝ። እንደ ለመድኩት ፈጠን ብዬ «ምንም የለም» አልኩ። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

«የለም አትበይ፤ አልታየኝም በይ» አሉኝ። «የለም ለማለት ሁሉን ቦታ ማየት አለብሽ። ሁሉን ቦታ ያየ ሰው ደግሞ እኔ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።»

ይህ የቤቱ ሕግ ነበር፣ ለሥራ ብቻም አልነበረም። ስኳር የለም ያለ ሰው ቁም ሣጥኑን ሁሉ ከፍቶ እንዲያይ ይታዘዛል። አንዴ ጸሐፊያችን በስልክ «ዶክተር የሉም» ስትል ከኋላዋ ቆመው ሰሟትና፣ ሳምንቱን ሙሉ «ዛሬስ አለሁ?» እያሉ ሲጠይቋት ከረሙ። ሌላም ልማድ ነበራቸው። ያየነውን ነገር ስሙን ከመጥራታችን በፊት በእርሳስ እንድንሥለው ያደርጉናል። የእኔ ሥዕል ሁሉ ድንች ይመስል ነበር። እሳቸው ግን ድንቹን በቁም ነገር ይመረምሩና «ይህ ጠርዝ ለምን ተሸበሸበ?» ይላሉ፤ ተመልሼ ሳይ እውነትም ተሸብሽቧል። እጃችን ሲፈጥን ደግሞ በኦሮምኛ «ሱታ፣ ሱታ» ይሉናል፤ ቀስ በሉ ማለታቸው ነው። ኦሮምኛ የማንችለውም ሁላችን ያቺን አንድ ቃል ከእሳቸው ወርሰናል፤ ዛሬም ሽሮ ሳማስል ከአፌ ታመልጠኛለች።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና፣ ምን እንፈልግ እንደነበር ልናገር። ኤች አይ ቪ ወደ አንድ ሴል ለመግባት በሴሉ ቆዳ ላይ ያለች ሲዲ ፎር የምትባል ነገር መያዝ አለበት። የበር እጀታ በሏት። ቫይረሱ በደም ውስጥ የሚያጠቃቸው ነጭ ሴሎች እጀታቸው ብዙ ነው፤ በየትም ቢመጣ ይከፈቱለታል። ማክሮፌጅ የሚባለው ሴል ግን እጀታው ጥቂት ነው። ይህ ሴል የሰውነት ጽዳት ሠራተኛ ነው፤ የሞተ ሴል፣ ባክቴሪያ፣ ስብ፣ ያገኘውን ሁሉ ይውጣል። በሳንባ፣ በጉበት፣ በአንጀት፣ በአንጎልም ሳይቀር ተቀምጦ ይኖራል። በደም ውስጥ ለሚመላለሰው ቫይረስ ማክሮፌጅ አብዛኛውን ጊዜ አይሆንለትም። አንጎል ውስጥ ገብቶ የቀረው ግን ብዙ ምርጫ የለውም፤ ባለብዙ እጀታዎቹ ሴሎች እዚያ እንደ ልብ አይገኙም። ስለዚህ እየተባዛ ሲሄድ፣ ከዘሩ መካከል በጥቂት እጀታ መክፈት የቻሉት ይተርፋሉ፤ የእነሱ ዘር ይበዛል። ዓመታት ሲያልፉ በአንዱ ሰው ገላ ውስጥ የደሙ ቫይረስና የአንጎሉ ቫይረስ የአንድ አባት ልጆች ሆነው ጠባያቸው ይለያያል። የእኛ ሥራ ከደም፣ ከንፍፊት፣ አንጎልን ከሚከበውና ከጀርባ ከሚቀዳው ውሃ የመጣውን ቫይረስ አንድ በአንድ ማክሮፌጅ ላይ አድርጎ የትኛው መግባት እንደቻለ ማየት ነበር።

ማክሮፌጁን የምናበቅለው ራሳችን ነን። ከባልደረቦቻችን ደም እንወስዳለን፣ ነጩን ሴል ለይተን በፕላስቲክ ሳህን እናፈስና ሞቃት ሣጥን ውስጥ፣ ኢንኩቤተሩ ውስጥ፣ እናሳርፈዋለን። ማክሮፌጅ የሚሆኑት ሴሎች ፕላስቲኩን ይይዛሉ፤ ሌሎቹ ይንሳፈፋሉ። ከዚያ ማጠብ ይመጣል። ሙያው ሁሉ ያለው ማጠቡ ላይ ነው። የሚያጥበው ፈሳሽ ከቀዘቀዘ የያዙት ይለቃሉ፤ ከላይ ከወረደባቸው ይነቀላሉ። ፒፔቱን፣ ያቺን ቀጭን የመቅጃ ቱቦ፣ ከሳህኑ ግድግዳ አስጠግቶ፣ ውሃው ግድግዳውን ይዞ እንዲወርድ ማድረግ ነው። ዶክተር ገመቹ ሲያጥቡ ክፍሉ ውስጥ የሚናገር ሰው አይኖርም። ከዚያ በኋላ ቀን በቀን እያየን፣ ከሰው ደም ተለይቶ የወጣ ሴረም፣ የደሙ ውሃ፣ ያለበት ምግብ እየሰጠን እናሳድጋቸዋለን። ሲደርሱ መሐላቸው ጉብ ያለ፣ ዳራቸው የተዘረጋ፣ የተጠበሰ እንቁላል ይመስላሉ። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ እስኪነሣ ድረስ ዶክተር ጀርባቸውን ኢንኩቤተሩ በር ላይ ደግፈው ይቆማሉ፤ ማንም እንዳይከፍትና ሙቀቱ እንዳይወጣ። ያን ጊዜ ነው ብርቱካን የሚልጡት፣ ለእያንዳንዳችንም የሚያድሉት።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ሰላም የምላት ወጣት ሴት ነበረች። የኤች አይ ቪ መድኃኒቷን በወጉ ትወስድ ነበር፤ ደሟ ሲመረመር ቫይረሱ አይታይም። ነገር ግን መጀመሪያ ቃላት ጠፉባት፤ ቀጥሎ አካሄዷ ተበላሸ። ሐኪሞቹ ብዙ ነገር ጠረጠሩ፣ ቫይረሱ በደሟ ስላልታየ ግን ኤች አይ ቪን ከዝርዝሩ አወጡት። የጀርባ ውሃዋ ተቀድቶ ለሌላ በሽታ ተመረመረ። እሷ ካረፈች በኋላ እናቷ የተረፈውን ፈሳሽ ለእኛ ፈቀዱልን። ፊርማ ስቀበላቸው፣ ልጄን ያልጠቀመ ለሰው ልጅ ይጥቀም ነው ያሉኝ። ፈሳሹ በጣም ትንሽ ነበር፣ የብልቃጡን ታች ብቻ የሚሸፍን። በዚያን ጊዜ በጀርባ ውሃ ውስጥ የቫይረስ መጠን መለካት በእኛ ዘንድ አልተለመደም፤ ፈሳሹን በቀጥታ ማክሮፌጅ ላይ አድርገን እናበቅል ነበር።

ሰሞኑ ፋሲካ ነበር። ሴረም አልቆብን ስለነበር፣ በማግስቱ ሰኞ ሥራ የገባነው ሁሉ እጃችንን ዘርግተን ደም ሰጠን። ሁላችንም ጠግበናል፣ ሁላችንም ደስ ብሎናል፤ ከሁዳዴ በኋላ ሰው እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ሴረሙ ደፍረስ ያለ ነበር። ስናጣራው ወንፊቱ ተደፈነ፤ ወንፊቱ አርጅቷል ብለን ሌላ ቀየርን። ሴሎቹን በዚያ መገብናቸው። በጥቂት ቀን ውስጥ ትልልቅ ሆኑ፣ ሞሉ፣ ክብ ክብ አሉ። አይተን «ወፈሩ፣ አማረባቸው» ተባባልን። እኛ አገር የወፈረ ሰው ምን ይባላል? ተስማማው ነው የሚባለው። ዶክተር ገመቹም አብረውን ደስ አላቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥዕል ሳያሠሩን ቀሩ። የሰላምን ፈሳሽ በሙሉ እነዚያ ሳህኖች ላይ አደረግነው።

ሴሎቹ ፕላስቲኩን ለቀው ተንሳፈፉ። ሞተው ነበር። ቫይረስ ይኑር አይኑር የሚነግረን ነገር አልተረፈም። ዶክተር የቀረውን ሴረም ከፍሪጅ አውጥተው ወደ መስኮቱ ይዘውት ሄዱ። ላዩ ላይ ነጭ ነገር ረግቷል። ረጅም ጊዜ አዩትና ወደ እኛ ዞረው፣ እሑድ ዕለት ምን እንደበላን ጠየቁን። ከዚያ አንዱ ባልደረባችን ሳቅ አመለጠው፤ እኔ ደግሞ አለቀስኩ። ቅቤው ነበር። ከረጅም ጾም በኋላ የበላነው የዶሮው ቅቤ በደማችን አልፎ ሴሎቹ ላይ ደርሷል፤ ማክሮፌጅ ደግሞ ያገኘውን የሚውጥ ነው። የወፈሩ የመሰሉን ስብ አፍኗቸው ነው። ከዚያ በኋላ በጾምና በፍስክ የተወሰደ ደም እንዳይቀላቀል ደንብ ወጣ። ፋሲካ፣ ገና፣ አረፋ፣ ኢድ፣ ሁሉም ኢንኩቤተሩ በር ላይ ተለጠፈ። ራሳቸው ጾመኛ ያልነበሩት ዶክተር ገመቹ ከሁላችን ይልቅ የአጽዋማቱን ቀን የሚያውቁ ሆኑ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው እንግዲህ።

ለሰላም እናት የነገሩት ዶክተር ራሳቸው ናቸው፣ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። ሰበብ አላበዙም። የሰጡንን ነገር በእኛ ስሕተት አጠፋነው አሉ። ሴትዮዋ ልጃቸውን የገደለው ይኸው ቫይረስ እንደሆነ ጠየቁ። ዶክተር እንደሚጠረጥሩ፣ እንዳላዩት ግን፣ ከእንግዲህም የሚያዩበት መንገድ እንደሌለ ነገሯቸው። እናትዮዋ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እንግዲያው ሌላ ሰው ሲመጣባችሁ» አሉ፣ «ከደሙ ጋር ያንን ውሃም እዩ። ደሙን አይታችሁ ብቻ አታሰናብቱት።»

ዶክተር ገመቹ ቃል ገቡላቸው። ከዚያ ዕለት ጀምሮ የጀርባ ውሃን ለመለካት የሚያስፈልገውን ፈቃድና ማረጋገጫ ማሳደድ ጀመሩ፤ የወረቀቱን ጣጣ ብዘረዝረው አንባቢ ይተኛብኛል። ጊዜ ወሰደ፣ ግን ሆነ።

ታደለ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሲግናል አካባቢ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት የነበረው፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ነው። ያመጣችው ሚስቱ ዘነበች ናት። ስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ እግሩን ፔዳሉ ላይ አድርጎ ሳይነካው ይውላል፤ አንድ ሱሪ ሲቆርጥ ሁለቱንም እግር ለቀኝ ቆርጦታል፤ ሲናገሩት አይቆጣም፣ አይስቅም። ሲራመድ ግድግዳ ይይዛል። በየሄደችበት ሰው የወቀሰው እሷን ነበር። አንዱ መድኃኒቱን አቋርጦ ነው አላት፤ ሌላው ጭንቀት ነው፤ ዘመድ ደግሞ የሰው ዓይን ነው አለ። ወደ እኛ የተላከችው ከአንድ ሐኪም ዘንድ ነው፣ ደሙ ለጥናቱ እንዲወሰድ። ውጤቱን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። በደሙ ውስጥ ቫይረሱ አልታየም አልኳት፤ ይህ መድኃኒቱን በደንብ እንደሚወስድ ያሳያል ብዬም ጨመርኩ። የምሥራች የነገርኳት መስሎኝ ነበር።

«ሲስተር» አለችኝ፣ «እናንተ በሽታው አልታየም ትላላችሁ። እኔ ቤት ውስጥ ያልታየኝ ሰውየው ነው። ልብሱ አለ፣ ጫማው አለ፣ እሱ የለም።»

ሲስተር አይደለሁም ማለት አልቻልኩም። ተነሥቼ ዶክተር ገመቹ ጋ ገባሁና ያለችኝን እንዳለችው ነገርኳቸው። ይዘውት የነበረውን ብዕር አስቀመጡ። በዚያው ዕለት ለሐኪሙ ደውለው የጀርባ ውሃው እንዲቀዳ ለመኑት። የጀርባ ውሃ ሲቀዳ ሰው ሽባ ይሆናል የሚባለውን ወሬ ዘነበችም ሰምታለች፤ አስረድተናት፣ ፈርታ፣ ፈቀደች። ታደለ በጎኑ አስተኝተው ጉልበቱን ሲያሳጥፉት «እሺ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም። ፈሳሹ እንደ ንጹሕ ውሃ ጠብ ጠብ ሲል አጠገቡ ቆሜ ነበር። የሰላም ብልቃጥ ትዝ አለኝና ክዳኑን ሁለቴ አጠበቅሁት።

ውጤቱ በደረሰ ጊዜ የዘነበች ስልክ አይሠራም። ጎረቤቷ እንጦጦ ጸበል ይዛው ወጥታለች አለችን። ዶክተር ገመቹ ጋዋናቸውን አውልቀው «ተነሺ» አሉኝ። መኪናው እስከሚደርስበት ሄደን ቀሪውን በእግር ወጣን። እሳቸው በልጅነታቸው ከብት የነዱበት መንገድ ነውና አቋራጩን ያውቁታል፤ እኔ ከኋላቸው ሳለከልክ «ሱታ፣ ሱታ» እያሉ ያሾፉብኛል። እኔ ግን የማስበው ሌላ ነበር። ያየነውን ቁጥር አውቀዋለሁ፤ ሰውየው ይመለስ እንደሆነ ግን የሚያውቅ አልነበረም።

ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ባሕር ዛፍ ሥር፣ ታደለ በጋቢ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ዘነበች ስታየን ብድግ አለች። ልንቆጣት የመጣን መስሏት፣ ሳንጠይቃት የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ የክኒኑን ብልቃጥ አሳየችን። በየቀኑ እሰጠዋለሁ፣ ካህኑም አትተዪ ብለውኛል፣ ጸበሉንም ክኒኑንም ነው የሚወስደው አለች። ዶክተር ገመቹ እንደ እሷ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ስሕተት አልሠራሽም አሏት፤ መድኃኒቱን በትክክል እንደሰጠሽው ደሙ መስክሮልሻል፤ ቫይረሱ ያለው ግን መድኃኒቱ በደንብ ያልደረሰበት ቦታ፣ አንጎሉ አካባቢ ነው፤ በጀርባ ውሃው አይተነዋል። ዘነበች መጀመሪያ ያለቀሰችው ስሕተት አልሠራሽም ለሚለው ነው። ቆይታ ወደ ባሏ አየች።

«ታዲያ እሱ አሁን አለ ወይስ የለም?» አለች።

ዶክተር ገመቹ ይህን ጥያቄ በሕይወታቸው ሙሉ ሲሸሹት የኖሩ ሰው ናቸው። ወደ ታደለ ዞረው ፊቱን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«አልታየንም እንጂ፣ የለም አልልሽም» አሏት። «መድኃኒቱን ቀይረን እንፈልገዋለን።»

ሐኪሙ መድኃኒቱን ወደ አንጎል በሚደርስና ቫይረሱ ባልተላመደው ቀየረለት። እኛ ደግሞ በጎን ሥራችንን ቀጠልን። በዚያን ጊዜ አዲስ ዘዴ ነበረን። የታካሚውን ቫይረስ የላይ ልብስ ብቻ ገልብጠን፣ መባዛት ለማይችል ቫይረስ እናለብሰዋለን፤ ይህ ወደ ሴል ከገባ መሣሪያው ላይ ብርሃን ይሰጣል። ከታደለ የቆየ የደም ናሙና የተወሰደውን ልብስ አንድ ሳህን ላይ፣ ከጀርባ ውሃው የተወሰደውን ሌላ ሳህን ላይ አደረግን። ጊዜው ሁዳዴ ነበር፤ ሴረማችን ጠርቶ ከጀርባው ያለው ሰው ይታያል። ከደሙ የተወሰደው ልብስ ማክሮፌጁ ላይ ፈዞ ቀረ። የጀርባ ውሃው ግን በራ። ዶክተር ገመቹ ቁጥሩን ሦስቴ አስነበቡኝ። ከዚያ ስልኩን አንሥተው ለሰላም እናት ደወሉ፤ ልጃቸውን በሚመለከት አሁንም ማረጋገጫ እንደሌላቸው፣ ነገር ግን በእሳቸው ምክር ምክንያት በአንድ ሰው ላይ እንደታየ ነገሯቸው። እናትዮዋ በዚያኛው ጫፍ ምን እንዳሉ አልሰማሁም። ዶክተር «አሜን፣ አሜን» እያሉ ነበር።

ታደለ ግን ቶሎ አልተለወጠም። በቀጠሮው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ይሄዳል። ዘነበች ከሳች። እኔም በየጊዜው በሩ ሲከፈት ቀና ብዬ የማየው የእሱን ፊት ነበር፤ ያው ነው። የጀርባ ውሃው እንደገና ሲለካ ቫይረሱ አልታየም፤ እኛ ተደሰትን፣ እሷ ግን ይህን ቃል በፊትም ሰምታዋለችና ፊቷ አልፈታም። የበላነው ብርቱካን ሁሉ የመረረኝ ያኔ ነው። ቫይረሱን አግኝተን ሰውየውን ብናጣውስ እያልኩ እጨነቅ ነበር።

ክረምቱ ከወጣ በኋላ አንድ ጠዋት ዘነበች ከእሱ ቀድማ ገባች። ዓይኗ ቀልቷል። ደንግጬ ምን ሆንሽ አልኳት።

«ተቆጣኝ» አለችኝ። «ዛሬ ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ አጣመምሽ ብሎ ተቆጣኝ።»

እየሳቀች ታለቅስ ነበር። እኔም እንደ እሷ ሆንኩ። ታደለ ከኋላዋ ገባና ሁለታችንንም አየን፣ ቅር ያለው ይመስል ነበር። ዶክተር ገመቹ ከክፍላቸው ወጥተው ሲጨብጡት የጋዋናቸውን እጅጌ ገልበጥ አድርጎ አየና፣ ስፌቱ ሊተረተር እንደሆነ ነገራቸው። ያን ዕለት ዶክተር ወደ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ፤ ለረጅም ጊዜም አልወጡም።

እንዲህ ያለው ሕመም ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፤ መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ይህን አንብቦ እንዳይሰጋ። ለእኔ ግን የሥራ ዘመኔ ትርፍ ይኸው ነው። ብዙ ሰው ጡረታ ሲወጣ የሚያማርረው ነገር አያጣም፤ እኔም ብፈልግ አላጣም። ግን ቀስ ብዬ እንዳጥብ ያስተማሩኝ ሰው፣ ልጃቸውን አጥተው ምክር የሰጡን እናት፣ የተወቀሰችበትን ክኒን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ዳገት የወጣች ሴት፣ ከእነዚህ ጋር ስላዋለኝ ፈጣሪን አመሰግናለሁ። ዶክተር ገመቹም ደኅና ናቸው፤ ጡረታ ወጥተው የልጅ ልጅ ያሳድጋሉ፤ ሥዕል እንደሚያሠሩት አልጠራጠርም።

በቅርቡ የእህቴ ልጅ ልታገባ ሆነና ኮት ማሰፋት አስፈለገኝ። መሪ ውስጥ ልብስ ሰፊ ጠፍቶ አይደለም ሲግናል ድረስ የሄድኩት። ሱቁ ሁለት መኪና ጨምሯል። ዘነበች ጥግ ላይ ቁልፍ ትተክላለች፤ ስታየኝ መርፌዋ ቆመ። ከንፈሬን ነከስ አደረግሁላት፣ ገባት፣ አንገቷን ደፍታ ቀጠለች። ታደለ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ወደ እኔ መጣ። አላወቀኝም። እንዴት ያውቀኛል? እኔ ባየሁት ጊዜ ሁሉ እሱ ሌላ ቦታ ነበር።

ደረቴን፣ ወገቤን ለካ። ጀርባዬን ከትከሻ ትከሻ ሲለካ ቆም አለ፣ ደገመው። ከዚያ ከፊቴ መጥቶ ራሱን ዘንበል አድርጎ አየኝ።

«ቀኝ ትከሻዎ ወርዷል» አለኝ። «ብዙ ዘመን አንድ ነገር ላይ አጎንብሰዋል። ሥራዎ ምን ነበር?»

ጥጉ ላይ ዘነበች ክሩን በጥርሷ ቆረጠች። ምን ልበለው?

«ዕቃ አጥብ ነበር» አልኩት። «ትናንሽ ሳህኖች።»

አዘነልኝ። ፊቱ ላይ አየሁት፤ ለማያውቃት አሮጊት ከልቡ ሲያዝን። በጠመኔው ትከሻዬ ላይ ምልክት አደረገ፤ ከውስጥ ስፖንጅ እንደሚጨምርበት፣ ሠርጉ ላይ ማንም ልብ እንደማይለው ነገረኝ።

«እርስዎ ብቻ አይጎንበሱ» አለኝ፣ «ቀና ይበሉልኝ።»

ቀና አልኩለት።